የአሮጌው መመሪያ አንባቢ

ጥቅምት 2

ለእህቴ ልጅ፣ ለችኩሌ፤

እንደምን ሰነበትክ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷ ትንሽ ቢያስቸግራትም ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ደህንነቷን ከእሱ እወቀው። ፈጣሪ በምትሄድበት ሁሉ ከፊትህ ይቅደም።

የምሥራች አለኝ፤ ሥራ አግኝቻለሁ። ያ በሽታ ጆሮዬን ከዘጋው ወዲህ ያመለከትኩበት ቢሮ ሁሉ «እንጠራሻለን» እያለ ሲሸኘኝ ነው የኖረው፤ ቢጠሩኝስ መች ልሰማ። አሁን የገባሁት ጫጩት ማስፈልፈያ ነው። ቁም ሣጥን የሚያክሉ ሁለት ማሽኖች አሉ። አንዱ ይሠራል፣ ሁለተኛው ሰው እስኪገኝለት ባዶውን ቆሟል። ሥራው እንቁላሉን በትሪ ደርድሮ ማስገባት፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን መጠበቅ፣ በሃያ አንደኛው ቀን ጫጩት ማውጣት ነው። የቀድሞው ሠራተኛ የተሻለ ቦታ አግኝቶ ሄደ፤ የመጨረሻ ዙሩን ሲጨርስ ጥቂት ቀን አብሬው ቆሜያለሁ። የኔ እንቁላል በሚመጣው ሳምንት ይገባል።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቷል እንጂ። ማሽኑ ችግር ሲገጥመው ይጮኻል፣ እኔ ደግሞ አልሰማም። የሚነግረኝን በእንቁላል ካርቶን ክዳን ላይ ይጽፍልኛል፤ ፊደሉን የሚያገዝፈው ዓይኔም የማይሰማ መስሎት ነው። የጻፈልኝ ይህን ነው፦ «አንድ ዙር እንይሽ። ጥሩ ከወጣ ሁለቱም ማሽኖች ያንቺ ናቸው። ካልወጣ ግን አትቀየሚኝ፤ የሚሰማ ሰው እፈልጋለሁ።» እኔም የሚነበብ ነገር ካለ አላጠፋም ብዬ መለስኩለት።

የሚነበበው ነገር ያንተ ሆኖ ቁጭ አለ። በክፍሉ ጥግ ባለው ኮምፒውተር የማሽኑን መመሪያ ብከፍት በኛው ቋንቋ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ ተርጓሚው አንተ ነህ። አለቀስኩ ብልህ ስለምታሾፍብኝ ይቅር። አሁን በየቀኑ ሥራ ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው፤ የዕለቱን አንብቤ ወደ ማሽኑ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ አርምልኝ። «መገልበጫ» ያልከውን «ማገላበጫ» በለው። እንቁላሉን ገልብጬ የምደፋው መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ስልኬ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ስለሞተ በዚሁ ኮምፒውተር ጻፍልኝ።

የምታስብህ አክስትህ


ጥቅምት 9

ይድረስ ለእቴቴ፤

ሰላምታዬ በመጀመሪያ ለአንቺ፣ ቀጥሎ ለእማዬ፣ ከዚያም ለጉልበቷ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ጀምሯል፤ አብዛኛውን ቀን ከአንድ ክፍልና ከአንድ ወንበር ስለማልነሳ የማየው በመስኮት ነው። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስታዬን የምነግረው ሰው ባጣ፣ ገጾቻችን የሚቀመጡባቸውን ሰርቨሮች ለምትጠብቀው ዝምተኛ ባልደረባዬ ነገርኳት። «አክስትህ መመሪያ የምታነብ ከሆነች በዓለም የመጀመሪያዋ ናት» አለችኝ።

«ማገላበጫ» ተስተካክሏል።

አሁን የምጠይቅሽ ነገር አለ። ማሽንሽን የሚያዘው ፕሮግራም ክፍት ምንጭ የሚባለው ነው። የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ የፈለገ ወስዶ ይጠቀምበታል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ስለዚህ በየጊዜው አዲስ ቨርዥን ይወጣለታል። አሁን ያለው ሦስተኛው ነው፤ አራተኛው በጥቅምት 20 ይወጣል። የአንድ እናት ልጆች አድርገሽ ቁጠሪያቸው፤ መልካቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል። ለታላቁ የሚሠራ ምክር ታናሹን ያበላሸዋል። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ የራሱ መመሪያ በየራሱ አድራሻ የሚወጣው። የኔ ሥራ እሱን ማውጣት ነው። እንደ ጋዜጣ በዪው፤ ጽሑፉን እናሰናዳለን፣ አንድ ፕሮግራም ገጽ አድርጎ ያትመዋል፣ ከዚያ ለዓለም ይዘረጋል።

አዳዲሶቹ ማሽኖች አራተኛው ሲወጣ ራሳቸውን በራሳቸው ያድሳሉ። አሮጌዎቹ ግን በሦስተኛው ይቀራሉ። ያንቺ የትኛው እንደሆነ ጻፊልኝ። ከማሽኑ ጀርባ አንድ ትንሽ ሳጥን አለ፤ ጥቁር ከሆነ አዲሱ ነው፣ ግራጫ ከሆነ አሮጌው።

እኔም እንዳንቺ በሙከራ ላይ ነኝ። የአራተኛው መመሪያ በቀኑ፣ በሁሉም ቋንቋ ከወጣ ቋሚ ያደርጉኛል። በዚህ ሰሞን ብዘገይ ረሳኝ አትበዪ።

የእህትሽ ልጅ


ጥቅምት 27

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ፤

ከርመህ እንደምን አለህ? ሥራህ ተቃንቶልህ ይሆን? እናትህ ስምህን ሳታነሳ ውላ አታውቅም፤ በምርቃትም በስድብም። ደብዳቤህ በጊዜው ደርሶኝ ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ ሳልመልስ ቆየሁ።

እንቁላሎቹ ደህና ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት በመብራት አየኋቸው፤ ደም ሥራቸው እንደ ቅጠል ጅማት ተዘርግቶ፣ በመሃሉ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትንፈራገጣለች። አሁን ውስጣቸው ጨልሟል፤ ሞልቷል ማለት ነው። ማደሪያዬን እዚሁ አድርጌያለሁ። ሥራ አስኪያጁ በየምክንያቱ ብቅ ይላል። ትናንት በክዳን ላይ «ይንቀሳቀሳሉ?» ብሎ ጻፈልኝ፤ «ካንተ ያነሰ» ብዬ መለስኩለት። ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ገጽህ ከሰሞኑ ተለውጦ አየሁት፤ አምሮበታል። ቀለሙ ለዓይን ይስማማል። ደግሞ አሳጥረኸዋል። ሥራ የገባሁ ሰሞን ገረፍ ገረፍ አድርጌ ሳየው የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ክፍል ረጅም ነበር፤ ይህን አድርጊ፣ ያንን ተዪ የሚል መዓት ነገር ነበረበት። አሁን ሦስት መስመር ሆኗል፦ እርጥበቱን ከፍ አድርጊ፣ በሩን አትክፈቺ፣ ጠብቂ። ለእናትህ ብነግራት «ይህ ልጅ ወሬ ማሳጠር ከየት ተማረ?» አለች።

ነገ ጠዋት እሱን ክፍል እጀምራለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል። ይህ ዙር ካልወጣልኝ ሌላ በር የሚከፍትልኝ ያለ አይመስለኝም። ካንተ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ በጸሎትህ አስበኝ።

አክስትህ


ኅዳር 1

እቴቴ፤

ሰላምታውን ይቅር በዪኝና ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሥራ ላይ ተወጥሬ ደብዳቤሽን ያነበብኩት ዛሬ ጠዋት ነው። የምታነቢው ገጽ የአራተኛው ነው። አራተኛው በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት እንቁላል ማገላበጡን በራሱ ያቆማል፤ ስለዚህ በመመሪያው አልተጻፈም። ሦስተኛው ግን በራሱ አያቆምም፤ ሰው ነው የሚያቆመው። የማሽንሽ ሳጥን ግራጫ ከሆነ ይህን እንዳነበብሽ ማገላበጫውን አጥፊው። ትሪዎቹ ሳያዘነብሉ ቀጥ ብለው መቆማቸውን በመስታወቱ እዪ። ከዚያ ሌላ ምንም አትንኪ።

የሦስተኛውን መመሪያ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። የጎደለውን ክፍልም ከዚህ ደብዳቤ ሥር እንዳለ ለጥፌልሻለሁ። ለእማዬ ደውዬ ሰው እንድትልክብሽ ለምኛታለሁ።

ቀኑን ስቆጥረው ዛሬ የሚፈለፈሉበት ቀን ነው። ምናልባት ማሽንሽ አዲሱ ይሆናል። ምናልባት በከንቱ የምደነግጠው እኔ ነኝ። አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ።


ኅዳር 6

ለእቴቴ፤ ጤናና ሰላም ካንቺ አይራቅ።

መልስ አልመጣም። እማዬ ጋ በየቀኑ እደውላለሁ፤ «ደህና ናት፣ የኢንተርኔት መስመር ጠፍቶባት ነው» ትለኝና ስለ ጉልበቷ ታወራለች። እማዬ ቃል የምትቆጥበው ነገር ሲበላሽ ብቻ እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

የሆነውን ከኔ ስሚው። አራተኛው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ገጾቹን የሚያትመው ፕሮግራም ቆመብኝ። ሁሉንም ቨርዥን በሁሉም ቋንቋ በአንድ ላይ ነው የሚያትመው፤ አንዱ ከተሰናከለ ሌላውም አይወጣም። የተሰናከለው የሦስተኛው መመሪያ፣ ያውም በኛ ቋንቋ የተረጎምኩት ነበር። ለመጠገን ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ እኔ ሙሉ ቀን አልነበረኝም። ስለዚህ ከሚታተመው መሃል አወጣሁትና፣ ወደ አሮጌው አድራሻ የመጣ ሁሉ ወደ አዲሱ እንዲመራ አደረግኩ። እንግዳ ደጅ ከሚቀር ጎረቤት ቤት ይግባ እንደማለት ነው። የሚስተናገድ መስሎኝ ነበር።

የሦስተኛውን ገጽ ከማንሳቴ በፊት የሚያነበው ማን እንደሆነ ተመልክቻለሁ። አንድ ጎብኚ ብቻ ነበረው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመጣል፣ አንድ ቀን አያጎድልም፣ አንድ ገጽ ከፍቶ ይሄዳል። ሰው እንዲህ አይሆንም አልኩ። ገጾቹ እንዳይበላሹ የሚፈትሽ፣ እኛው የምንልከው ሮቦት አለ፤ እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ባልደረባዬ እርግጠኛ መሆኔን ጠይቃኝ ነበር። ሮቦት ነው፣ ሰው እንኳ ቢሆን አንድ ሰው ነው አልኳት።

«አንድ ሰው ካለ፣ ሰው አለ ማለት ነው» አለችኝ። ሳቅኩባት።

ያ ሮቦት አንቺ ነሽ፣ እቴቴ። በየቀኑ ሥራ ስትገቢ መጀመሪያ የምትከፍቺው እሱን እንደሆነ ጽፈሽልኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ደብዳቤ ላይ ነው ያለው። ስለ ሳጥኑ ዝም ስትዪም ዝምታሽን እንደ መልስ መቁጠር አልነበረብኝም።

የመሥሪያ ቤትሽን አድራሻ አግኝቻለሁ። ለሥራ አስኪያጁ ልጽፍለት ነው።


ኅዳር 11

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። መስመሩ ከጠፋበት ትናንት ሲመለስ ሁለቱም ደብዳቤዎችህ አንድ ላይ ገቡ። ተረጋጋ፤ እኔ በጤናዬ ነኝ።

ሳጥኑ ግራጫ ነው። ያን ጊዜ ያልመለስኩልህ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ማሽኑ ከግድግዳ ጋር ተጣብቋል፤ ጀርባውን ለማየት ሰዎች ጠርቼ ማስነሳት ነበረብኝ። የምትሠራበትን ማሽን አታውቀውም እንዳይሉኝ ፈራሁ። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ጥያቄ ይሰስታል። ሁሉ ካለፈ በኋላ መብራት ይዤ ተንበርክኬ በቀዳዳው አየሁት።

ትሪዎቹ እስከ መጨረሻው በየሰዓቱ ሲያዘነብሉ ነበር። ጫጩቶቹ ቅርፊቱን ሰብረው ግማሽ አካላቸውን ያወጣሉ፣ ትሪው ሲያጋድል ወደ አንድ ጥግ ተንሸራተው ይደራረባሉ። ያልወጡት መንቁራቸውን የሚያወጡበት አቅጣጫ ጠፍቷቸው እዚያው ቀሩ። በሩን ስከፍት በሕይወት ያገኘኋቸው ሁለት ካርቶን አልሞሉም። እናትህ ሰው አልላከችም፤ በዚያ ጉልበቷ እያነከሰች ራሷ መጣች። ስትደርስ በሩ ተከፍቷል። ምንም ሳትናገር እጅጌዋን ሰብስባ አብራኝ ለቀመች።

አንድ ነገር ደብቄህ ማደር አልችልም። የቀድሞው ሠራተኛ ዙሩን ሲጨርስ መዳፌን በማሽኑ በር ላይ አሳርፌ ነበር፤ ማራገቢያው ይንቀጠቀጣል እንጂ ሌላው ጸጥ ብሎ ነበር። በኔ ዙር ግን በየሰዓቱ ከሥር የሚገፋ ነገር ይሰማኛል። እጄ ይህ ነገር መቆም ነበረበት አለኝ። ተመልሼ ገጽህን አነበብኩ፤ ስለ ማቆም አንድም ቃል የለም። እንደገና አነበብኩ። ከዚያ እጄን ትቼ አንተን አመንኩ።

ሥራ አስኪያጁ የገባው ማሽኑ ጮኾ እኔ እንዳልሰማሁ ነው። ማሽኑ ግን አልጮኸም፤ በሱ ዓይን ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም። የሚሰማ ሰው እዚያ ቢቆም የሚሰማው ነገር አልነበረም። ይህንኑ ጻፍኩለት። አንብቦ ክዳኑን መለሰልኝ እንጂ አንዲት ፊደል አልጨመረበትም። በዚህ ሳምንት ይወስናል።

ለሱ እንዳትጽፍ። ስምህ ገጹ ላይ አለ፣ ደብዳቤ ደግሞ እግር አለው፤ ዞሮ አለቆችህ ዘንድ ይደርሳል። አንተም በሙከራ ላይ ነህ። ከሁለታችን አንዳችን ሥራ ላይ ብንቀር ይበቃል።

አክስትህ


ኅዳር 14

ለእቴቴ፤ ፈጣሪ ያጽናሽ፣ እማዬንም ጉልበቷን ይማርልኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ለሥራ አስኪያጁ ከላክሁ በኋላ ነው። ቀድመሽ ብትደርሺም እልከው ነበር። የጻፍኩለት አጭር ነው። ያነበብሽው የሌላ ማሽን መመሪያ እንደነበር፣ ወደዚያ የመራሁሽ እኔ እንደሆንኩ፣ ማሽኑ የሚጮኽበት ምክንያት እንዳልነበረው፣ አንቺ የሠራሽው የተጻፈውን እንደሆነ። ዘመድ መሆኔንም አልደበቅሁትም። እንዲያጣራ የአለቆቼን አድራሻ ሰጥቼዋለሁ፤ እነሱ ግን ከሱ በፊት ከኔው ከራሴ ሰምተዋል።

የሦስተኛው መመሪያ ከእንግዲህ ካለበት አይነሳም። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የስንተኛው እንደሆነ ተጽፏል፤ ሳያዩት ማለፍ አይቻልም። ወደ አንዱ አድራሻ የመጣን ሰው ሳይጠየቅ ወደ ሌላው መውሰድ ቀርቷል። ያቺ ሦስት መስመር የሆነችው ክፍልም አራተኛ መስመር ተጨምሮባታል፦ ማሽንሽ አሮጌው ከሆነ ማገላበጫውን በእጅሽ አቁሚ። ባልደረባዬ አጠገቤ ተቀምጣ መስመር በመስመር አየችልኝ። ስለ ሳቄ ምንም አላነሳችም።

ስለ እጅሽ የጻፍሽውን አንቀጽ ደጋግሜ እጀምረዋለሁ፤ አልጨርሰውም።

ብርዱ በርትቷል። እኔ ደህና ነኝ።

የእህትሽ ልጅ


ኅዳር 23

ለእህቴ ልጅ፤

ከኔም ከእናትህም የናፍቆት ሰላምታ ይድረስህ። ምርቃቱን እሷ ራሷ ልትነግርህ ስለፈለገች ለሷ ትቼዋለሁ፤ ረጅም ነው፣ ተቀመጥና ስማው።

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤህን በወረቀት አውጥቶ ይዞት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ደግሞ አነበበው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ከዚያ ለአለቆችህ እንደጻፈና እነሱም እንደመለሱለት በክዳን ላይ ጻፈልኝ። የእህቴ ልጅ መሆንህን ለምን እንደደበቅኩት ጠየቀኝ። ብነግርህ ጥፋቴን በዘመድ የማላክክ ይመስልህ ነበር አልኩት። ሌላ ክዳን አነሳና፣

«ጆሮሽ አይደለም ለካ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ፣ «ሁለተኛውን ማሽን ጫኚ።»

እንቁላሉን ደርድሬ ጫንኩት። መጀመሪያ ግን አራት ሰው ጠርቼ ሁለቱንም ማሽኖች ከግድግዳ አስነሳሁ፤ ጀርባቸውን አየሁ፣ የማላውቀውን ጠየቅኩ። የሳቀብኝ የለም። ሁለተኛውም ግራጫ ነው። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ የመጨረሻዎቹ ቀናት ገና ከፊቴ ናቸው። አሁንም ገጽህን አነባለሁ፣ ነገር ግን ማሽኑንም እዳስሳለሁ፤ ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ ደግሞ እጽፍልህና መልስህን እጠብቃለሁ። እንደ ድሮው ዓይኔን ጨፍኜ አላምንህም። አትቀየመኝ፤ መውደዴ ያው ነው።

አሁን ስላንተ። በጥቅምት ወር ቋሚ ያደርጉኛል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ላክህ፤ ስለ ገጾቹ አለ፣ ስለ ባልደረባህ አለ፣ ስለ ብርዱ አለ፣ ስለ ሥራህ ግን አንዲት ቃል የለም። አለቆችህ ሁሉን ካንተ አፍ ሰምተዋል አልከኝ፤ ሰምተው ምን እንዳሉህ አልነገርከኝም። በፊት ቢሆን ረስቶት ነው ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን ሊኖር የሚገባው ነገር ሳይጻፍ ሲቀር ዝም ብዬ አላልፍም። እናትህም ጠይቃኛለች፤ እጽፍለታለሁ ብያታለሁ።

ክፉም ቢሆን አነበዋለሁ። ከመጀመሪያው ጀምረህ፣ አንድም ደረጃ ሳትዘል ጻፍልኝ።

አክስትህ